በሃይላንድ የሄደ ናሙና ምን ይነግረናል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ውሃ ናቸው። ክረምት ነው። ቧንቧው ሲመጣ ደፍርሶ ይመጣል፣ ልጆች ሆዳቸውን ይታመማሉ፣ ወላጅ ይጨነቃል። ደብዳቤዎቹ በብዛት የመጡት ከከተማው ዳር ዳር ነው፤ ከኮዬ ፈጬ፣ ከቡራዩ፣ ከለገጣፎ፣ ከሱሉልታ። የውሃ ላብራቶሪ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ስለሠራሁ መልሱን እኔ እንድጽፍ ተሰጠኝ። አራቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው በጣም ይረዝማል። የሌሎቹም መልስ ግማሹ እዚያው ውስጥ ስላለ ታግሳችሁ አንብቡት።

«ውጤቱ ‹ቲ ኤን ቲ ሲ› ይላል፤ ማንን ልመን?»

«ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው፣ አራተኛ ፎቅ። ውሃ በፈረቃ ነው፤ በሳምንት ሁለት ቀን ሌሊት ሌሊት ይመጣል። ታች ባለው የጋራ ሮቶ ይጠራቀምና በጀሪካን እየቀዳን ወደ ላይ እናወጣለን። የሁለት ዓመት ልጄን በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ተቅማጥ ያዘው። ቢጨንቀኝ አንድ ቀን ማታ ከሮቶው በሃይላንድ ቀዳሁ። በማግስቱ በቦርሳዬ ይዤው ሥራ ዋልኩ፣ ላብራቶሪው ጋ ስደርስ ተዘግቷል። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሰጠኋቸው። ውጤቱ የሰገራ ኮሊፎርም ‹ቲ ኤን ቲ ሲ› ይላል። ባለቤቴ ‹የሚያመጡልን ውሃ ነው የተበከለው› ብሎ አቤቱታ ሊያስገባ ነው። ጎረቤቶቼ ደግሞ ‹እኛ ስንጠጣው ምን ሆንን?› ይሉኛል። ማንን ልመን?» (እናት፣ ከኮዬ ፈጬ)

እህቴ፣ መጀመሪያ ስለ ልጁ። ተቅማጥ ልጅን የሚጎዳው ፈሳሹን እያሟጠጠ ነው። ኦ.አር.ኤስ. ከቤትሽ አይጥፋ፤ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በጥብጪለት። ጤና ጣቢያ ስትሄጂ ዚንክ ይሰጡሻል፤ ተቅማጡ ቆመ ብለሽ መሀል ላይ አታቋርጪው። ሰገራው ላይ ደም ካየሽ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም መጠጣት ካቃተው የማንንም የውሃ ውጤት አትጠብቂ። ይዘሽው ሩጪ።

አሁን ወደ ወረቀቱ። የሰገራ ኮሊፎርም የሚባሉት ከአንጀት የሚመጡ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ «ቲ ኤን ቲ ሲ» ማለት ባክቴሪያዎቹ ተቆጥረው የማያልቁ ሆኑ ማለት ነው። ያስደነግጣል፣ ገብቶኛል። ግን የተመረመረው የሮቶው ውሃ አይደለም። ሃይላንድ ውስጥ ሁለት ሌሊት ያደረ፣ ቀን ቦርሳ ውስጥ ሲሞቅ የዋለ ውሃ ነው። ሃይላንዱ ቀድሞ ጁስ ወይም ለስላሳ ይዞ ከነበረ ባክቴሪያዎቹ ምግብም አግኝተዋል። ክዳኑን የነካው እጅ አለ፣ አፉን የነካው ከንፈር አለ። ስለዚህ በዚህ ወረቀት ማንንም መክሰስ አይቻልም። ማንንም ነፃ ማውጣትም አይቻልም። ሮቶው በእውነት ተበክሎ ሊሆን ይችላል፤ ወረቀቱ ግን ይህን አላረጋገጠልሽም።

ላብራቶሪው ምን እንደሚፈልግ ልንገርሽና ለምን እንደምቆጣ ይገባሻል። በሰው ሰገራ የሚተላለፈው በሽታ ብዙ ነው፤ ታይፎይድ አለ፣ ኮሌራ አለ፣ ጃርዲያ አለ፣ አሜባ አለ፣ ቫይረሶችም አሉ። እያንዳንዱን እየነጠሉ መፈለግ ጊዜም ገንዘብም ይጨርሳል፣ ደግሞ ዛሬ ሳይገኝ ነገ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ የሚፈለገው ዱካ ነው። ሰገራ ባለበት ሁሉ በብዛት የምትገኝ ባክቴሪያ አለች፣ ኢ. ኮላይ ትባላለች፤ ከሰገራ ኮሊፎርሞቹ ዋናዋ ናት። እ.ኤ.አ. በ1885 ቴዎዶር ኤሸሪች የሚባል የሕፃናት ሐኪም ነው ከሕፃናት ሰገራ ውስጥ አግኝቶ የገለጻት። የሰውና የደመ ሞቃት እንስሳት አንጀት ውስጥ ትኖራለች። አብዛኞቹ ዝርያዎቿ ራሳቸው አያሳምሙም። ነገር ግን ውሃ ውስጥ ከተገኘች ያ ውሃ በቅርቡ ሰገራ ነክቶታል። በእሷ በኩል የመጣው ሌላውም መምጣት ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም የአገራችን የመጠጥ ውሃ ደረጃም የሚሉት አንድ ነው፤ በ100 ሚሊ ሊትር የመጠጥ ውሃ ውስጥ አንዲትም መገኘት የለባትም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ይለካና በአንዲት ክብ ነጭ ስስ ማጣሪያ ላይ ይፈስሳል። ስፋቷ 47 ሚሊ ሜትር ነው፣ ቀዳዳዎቿ 0.45 ማይክሮ ሜትር ናቸው። ውሃው በፓምፕ ተስቦ ያልፋል፣ ባክቴሪያው ማለፍ አቅቶት ላይዋ ላይ ይቀራል። ከዚያ ማጣሪያዋ በመቆንጠጫ ተነስታ ምግብ ባለበት ትንሽ ሳህን ላይ ትቀመጣለች። ሳህኑ ሙቀቱን እኩል አድርጎ የሚጠብቅ ሳጥን፣ ኢንኩቤተር፣ ውስጥ ይገባል፣ የሰገራ ኮሊፎርም ከሆነ የሚፈለገው በ44 ዲግሪ አካባቢ ያድራል። ለምን 44? ከአፈርና ከቅጠል የመጡት አብዛኞቹ ባክቴሪያዎች ያን ሙቀት አይችሉትም። አንጀት የለመዱት ይችሉታል። በማግስቱ ሳህኑ ሲከፈት፣ ትናንት በዓይን የማትታይ የነበረች አንዲት ባክቴሪያ ተባዝታ ነጥብ ሆናለች። እንደ ምግቡ ዓይነት ነጥቧ ቢጫ ወይም ሰማያዊ ትሆናለች። ባለሙያው የሚቆጥረው ነጥቦቹን ነው። ለዚህ ነው ውጤት በሁለት ሰዓት አይደርስም የሚሉሽ። ባክቴሪያው ማደግ አለበት፣ ሌላ አቋራጭ የለውም።

ከዚህ የምትረጂው፣ ምርመራው ከአንዲት ባክቴሪያ ጀምሮ ይቆጥራል። እንዲህ ረቂቅ ለሆነ ነገር ናሙናው በሃይላንድ ሲመጣ ያሳዝናል። ገንዘብሽን ከፍለሽ፣ ልጅሽን አስበሽ፣ ለፍተሽ መጥተሽ፣ መጀመሪያ ጠርሙስ መውሰድ እንዳለብሽ የነገረሽ ሰው የለም። ይህ የአንቺ ጥፋት አይደለም። ናሙናውን የተቀበለው ሰው «ይህን አልቀበልም፣ ጠርሙስ ልስጥሽና ደግመሽ አምጪ» ማለት ነበረበት።

እንግዲህ ደግመሽ ስትወስጂ እንዲህ አድርጊ። ናሙና ከመቅዳትሽ በፊት ላብራቶሪውን ጠይቀሽ በሙቀት የጸዳ ጠርሙስ ከእነሱ ውሰጂ። ውስጡ ነጭ ዱቄት ወይም ጠብታ ነገር ታይ ይሆናል። ቆሻሻ መስሎሽ እንዳታለቀልቂው! ሶዲየም ታዮሰልፌት ይባላል፣ ውሃው ውስጥ ያለውን ክሎሪን ያቆመዋል። እሱ ባይኖር ክሎሪኑ በመንገድ ላይ እየገደለ ይሄድና፣ የቀዳሽው ውሃ ተበክሎ እንኳ ቢሆን ላብራቶሪ ሲደርስ ንጹሕ ሊመስል ይችላል። ከቧንቧ ስትቀጂ ቧንቧው ጫፍ ላይ ጎማ ወይም ጨርቅ ካለ አውጪው። አፉን በአልኮል ጥረጊው፤ ብረት ከሆነ በእሳት መለብለብም ይቻላል። ሁለት ሦስት ደቂቃ ይፍሰስ። እጅሽን ታጥበሽ ክዳኑን ክፈቺ፣ የክዳኑን ውስጥ አትንኪ፣ መሬትም ላይ አታስቀምጪው። እስከ አፍ ድረስ አትሙዪው፣ ትንሽ አየር ይተርፍ። ወዲያው ዝጊና የት እንደተቀዳ፣ በስንት ሰዓት እንደተቀዳ ላዩ ላይ ጻፊ። ከዚያ በረዶ ባለበት ማቀዝቀዣ ሳጥን። ሳጥን ከሌለሽ ባልዲ ውስጥ በላስቲክ የታሰረ በረዶ አድርገሽ በብርድ ልብስ መጠቅለልም ይረዳል። ከተቀዳ በስድስት ሰዓት ውስጥ ላብራቶሪው ቢደርሰው ጥሩ ነው፤ 24 ሰዓት ካለፈው ግን ባትልኪው ይሻላል። ከኮዬ ፈጬ መሀል ከተማ የታክሲውን ሰልፍ አስበሽ ማልደሽ ቅጂ። ዓርብ ከሰዓት ደግሞ አትውሰጂ፣ ብዙ ቦታ በሰንበት ሳህን የሚያነብ ሰው ላይኖር ይችላል።

አሁን ደግሞ ዋናው ነገር። ከአንድ ቦታ ብቻ አትቅጂ። በሦስት ጠርሙስ ከሦስት ቦታ ቅጂ፤ አንዱ ውሃው በመጣ ሌሊት ሮቶው ጋ ሳይደርስ ከቆጣሪው አጠገብ ካለው ቧንቧ፣ ሁለተኛው ከሮቶው፣ ሦስተኛው አራተኛ ፎቅ ልጁ ከሚጠጣበት ጀሪካን ወይም ኩባያ። የሌሊቱን ናሙና ፍሪጅ ውስጥ አሳድሪውና ጠዋት ከሌሎቹ ጋር ውሰጂው። ሰው ምርመራ ሲያስብ «አለፈ ወይስ ወደቀ» የሚል ወረቀት ነው የሚያስበው፣ እኔ ግን ምርመራን የምወደው ሰገራው የት ጋ እንደገባ ስለሚያሳየኝ ነው፣ ምክንያቱም መግቢያውን ካወቅሽ መዝጋት ትችያለሽ፣ ካላወቅሽ ግን ባልና ጎረቤት ሲጨቃጨቁ ልጁ ይታመማል።

ሦስቱ ውጤቶች ሲመጡ ራሳቸው ይናገራሉ። ከቆጣሪው ዜሮ፣ ከሮቶው 30፣ ከጀሪካኑ 80 ቢሆን መስመሩ ላይ ችግር አልታየም። ሮቶው መታጠብ አለበት፣ ጀሪካኑም የራሱን ጨምሯል ማለት ነው። ቆጣሪው ላይ ከተገኘ ባለቤትሽ እውነቱን ነው፣ ያን ጊዜ ወረቀቱን ይዞ የውሃ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤቱ ይሂድ፣ ጎረቤትም አብሮ ይሂድ። በቧንቧም መግባቱ ተረት አይደለም። ውሃ በፈረቃ ሲሆን መስመሩ ባዶ ይሆናል፣ ግፊቱም ይጠፋል። የተሰነጠቀ ቦታ ካለ በዙሪያው ያለውን ፍሳሽ ወደ ውስጥ ይስበዋል። ሰዉ በመስመሩ ላይ ቀጥታ ፓምፕ ሲገጥም ደግሞ ይብሳል። ውሃው እንደመጣ ያለውን የመጀመሪያውን ድፍርስ ወደ ሮቶ አታስገቡት። ለወለልና ለሽንት ቤት ይሁን።

ግን ልምዴን ልንገርሽ፤ ብዙ ጊዜ ያየሁት ወደ ኩባያው ሲቃረብ እየባሰ ሲሄድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ የቤተሰብ ጥናት ሲያካሂድ ከውሃው መገኛም ሰው ቤት ከሚጠጣውም ናሙና አስመርምሮ ነበር፣ የታየው ይኸው ነው። ቤት ውስጥ ያለው ከመገኛው የባሰ ነበር። ጣሳ የሚነከርበት ባልዲ፣ ውስጡ የተዝለገለገ ጀሪካን፣ ሽንት ቤት ገብቶ ያልታጠበ እጅ። እነዚህ ናቸው።

ቁጥሩን ስታነቢ በግምት እንዲህ ያዢው። ዜሮ ጥሩ ነው። ከ1 እስከ 10 አነስተኛ ስጋት ይባላል፤ ለሁለት ዓመት ልጅ ግን እኔ አላጠጣም። ከዚያ እስከ 100 ከሆነ ውሃው ቶሎ መታከም አለበት። ከ100 በላይ ከሆነ ዛሬውኑ ማፍላት ነው። ወረቀቱ ላይ «ጠቅላላ ኮሊፎርም» እና «የሰገራ ኮሊፎርም» ተለይተው ይጻፋሉ። ጠቅላላው ከአፈርም ከቧንቧው ዝቃጭም ሊመጣ ስለሚችል ብቻውን ሰገራ ማለት አይደለም። አንቺ ዓይንሽን ሁለተኛው ላይ አድርጊ።

ዜሮም ቢመጣ ዕድሜ ልክ የሚሠራ የምስክር ወረቀት አይደለም። አንድ 100 ሚሊ ሊትር ነው የተመረመረው፣ በአንድ ቀን። ጠብ ያለ ዝናብ ነገሩን ይቀይረዋል።

ስለ ሮቶው፤ ውሃው ከፈሰሰ በኋላ ውስጡን በብሩሽ ፈትጉት፣ ዝቃጩን አውጡ። ከዚያ ንጹሕ ውሃ ሙሉና በረኪና ጨምሩ። 5 በመቶ የሚል፣ ሽታ ያልተጨመረበት በረኪና ከሆነ ለ1000 ሊትር 1 ሊትር ይበቃል። ቧንቧዎቹን ከፍታችሁ የክሎሪን ሽታ እስኪመጣ አፍስሱ፣ ዝጉና ይደር። ያ ውሃ አይጠጣም! ጎረቤት ሁሉ ይወቅ፣ ሮቶው ላይ ወረቀት ለጥፉ። ጠዋት ሙሉ በሙሉ ደፍታችሁ ሽታው እስኪጠፋ አለቅልቁ። በረኪናን ከሌላ የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር መቀላቀል አደገኛ ጋዝ ይፈጥራል፣ በፍጹም እንዳታደርጉት። ሮቶው ክዳኑ ይገጥም፣ የአየር መውጫው ወንፊት ይኑረው። ከታጠበ ከጥቂት ቀን በኋላ ሁለተኛ ናሙና ውሰዱ፣ ያኔ ነው መታጠቡ መሥራቱ የሚታወቀው።

ጎረቤቶችሽ «እኛ ምን ሆንን» ላሉት፤ ትልቅ ሰው ብዙ ነገር ይችላል፣ የሁለት ዓመት ልጅ ግን አይችልም። ሦስት ጊዜ የታመመው የአንቺ ልጅ ነው። እናት ነሽ፣ መጨነቅሽ ልክ ነው።

«20 ዓመት የጠጣሁት ጉድጓድ ነው»

«ሰላም ለእናንተ ይሁን። ቡራዩ ግቢዬ ውስጥ በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ አለኝ። ውሃው እንደ መስታወት የጠራ ነው፣ 20 ዓመት ጠጥተነዋል። ዘንድሮ ጎረቤቴ ከአጥሩ ማዶ ሽንት ቤት አስቆፈረ፣ በእርምጃ ብለካው 12 እርምጃ ቢሆን ነው። ልጄ ‹አባዬ ይመርመር› እያለ ያስቸግረኛል። ይህን የጠራ ውሃ ምን ብዬ ላስመርምር?» (ጡረተኛ፣ ከቡራዩ)

አባቴ፣ ልጅዎ ልክ ነው፣ ይስሙት። ባክቴሪያ ውሃ አያደፈርስም። በአንድ ብርጭቆ ጥርት ያለ ውሃ ውስጥ ሺህ ቢኖሩ በዓይንዎ አያዩዋቸውም፣ በምላስዎም አይቀምሷቸውም። ጥራቱ የሚነግርዎት አፈር እንደሌለበት ብቻ ነው።

ጉድጓድና ሽንት ቤት ቢያንስ 30 ሜትር ይራራቁ ነው የሚባለው፤ የሽንት ቤቱም ወለል ከመሬት ውሃው ከፍታ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል በላይ መሆን አለበት። የእርስዎ 12 እርምጃ 10 ሜትርም ላይሞላ ይችላል። ሽንት ቤቱ ከእርስዎ ግቢ ከፍ ባለ ቦታ ላይ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። በክረምት ደግሞ የመሬት ውሃው ከፍ ይላል፣ በበጋ ደረቅ የነበረው የሽንት ቤት ወለል ውሃ ውስጥ ይገባል። ለዚህ ነው በጥር አስመርምሮ «ነፃ ነው» ማለት የማይበቃው። አንዴ አሁን በክረምቱ፣ አንዴ በበጋ ያስመርምሩ። ሲያስመረምሩ ናይትሬትም ይለካልዎ። ከሽንት ቤት የሚመጣ ኬሚካል ነው፣ ማፍላትም ክሎሪንም አያጠፋውም፣ በጡጦ ወተት ለሚጠጡ ሕፃናት ደግሞ አደገኛ ነው። የልጅ ልጅ ካለዎት ይህን አይርሱ።

ናሙናውን በዘወትሩ ባልዲ አይቅዱ። የባልዲው መጎተቻ ገመድ መሬት ለመሬት ይጎተታል፣ የሚመረመረው ገመዱ ይሆናል። ከላብራቶሪው የመጣውን ጠርሙስ በንጹሕ ሲባጎ ያስሩ፣ የታጠበ ድንጋይ እንዲያሰምጠው ይጨምሩበት። ግድግዳውን ሳይነካ ቀስ ብለው ያውርዱት። ከላይ ከሚንሳፈፈው ሳይሆን ትንሽ ጠለቅ ብሎ ይሙላ።

አንድ ነገር ልንገርዎ፣ ሁሌም ሲከነክነኝ ይኖራል። ከሠራሁባቸው ቦታዎች በአንዱ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ኢንኩቤተሩ ቀዝቅዞ አደረ። ጠዋት ሳህኖቹን ስከፍት ነጥብ የለም። የመጡት ደግሞ የከተማ ዳር ጉድጓዶች ናሙናዎች ነበሩ። ለኃላፊዬ «ይህ ዜሮ አይደለም፣ ያላደገ ነው፣ ናሙናው ይደገም» አልኩ። «ሰዎቹ እየጠበቁ ነው፣ ዜሮ ብለህ ስጥ» አለኝ። አልፈርምም አልኩ። ወረቀቱ በሌላ ሰው ፊርማ ወጣ። ከእነዚያ ጉድጓዶች ሲጠጡ የነበሩትን ሰዎች አላውቃቸውም፣ ግን አስባቸዋለሁ። ስለዚህ ላብራቶሪ ሲሄዱ ሁለት ነገር ይጠይቁ። መብራት ሲጠፋ ኢንኩቤተሩ በምን ይሠራል? ከናሙናው ጋር ንጹሕ መሆኑ የታወቀ ውሃ ለማነጻጸሪያ ትመረምራላችሁ? ሥራውን የሚያከብር ባለሙያ ይህ ጥያቄ አያስቀይመውም፣ ደስ ብሎት ያስረዳዎታል።

ውጤቱ እስኪመጣ አፍልተው ይጠጡ። ከጎረቤትዎም ጋር በሽማግሌ ወግ ይነጋገሩ። ሽንት ቤቱ ወለሉና ግድግዳው በሲሚንቶ ቢለሰን፣ ካልሆነም ቦታው ቢቀየር የእሱም ልጆች ይጠቀማሉ። የእርስዎም ጉድጓድ አፉ ከመሬት ከፍ ይበል፣ ክዳን ይኑረው፣ በዙሪያው ጎርፍ የሚመልስ ሲሚንቶ ይፍሰስበት።

«ጥቁር የሚሆነው ጠርሙስ ይታመናል?»

«ለገጣፎ ትንሽ ቁርስና ጁስ ቤት አለኝ። ውሃ ሲጠፋ ከቦቴ እገዛለሁ። ውሃ ተደርጎበት ሲያድር ጥቁር ከሆነ ተበክሏል የሚባል ጠርሙስ ጓደኛዬ ሰጠኝ። ይታመናል? ወይስ በየሳምንቱ ላብራቶሪ ልላክ?» (ከለገጣፎ)

ወንድሜ፣ ለደንበኞችህ ይህን ያህል በማሰብህ አከብርሃለሁ። ጠርሙሱ ይሠራል። ውስጡ ያለው ወረቀት ምግብና የብረት ውሁድ አለበት። ከአንጀት የሚመጡ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ያመነጫሉ፣ እሱ ከብረቱ ጋር ሲገናኝ ይጠቁራል። አንድ ሁለት ቀን ሙቀት ያለበት ቦታ ታቆየዋለህ። ግን «አለ» ወይም «የለም» ይልሃል እንጂ ስንት እንደሆነ አይልህም። በተፈጥሮው ሰልፋይድ ያለበት የጉድጓድ ውሃ ሰገራ ሳይነካውም ሊያጠቁረው ይችላል። እንደ ማስጠንቀቂያ ያዘው፤ ከጠቆረ ላብራቶሪ ላክ። ከተጠቀምክበት በኋላ በረኪና ጨምረህበት አሳድረውና ሽንት ቤት ድፋው፣ ውስጡ ያደገው ባክቴሪያ ነው።

ለአንተ ሥራ ግን ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ አንድ ነገር አለ። የባክቴሪያ ውጤት የሚደርስህ በማግስቱ ነው። ጁሱ ተጠጥቶ፣ ደንበኛው ቤቱ ገብቶ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የሚሆንብህ። ስለዚህ በየቀኑ የምትለካው ክሎሪን ይሁን። ትንሽ የፕላስቲክ መለኪያ አለች፣ ውሃ ሞልተህ ዲ.ፒ.ዲ. የምትባል ክኒን ትጨምርበታለህ፣ ሐምራዊ ሮዝ ይሆናል። ቀለሙን ከጎኑ ካለው ጋር ታመሳስለዋለህ። ደቂቃ አይፈጅም። በሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ግራም ቀሪ ክሎሪን ካገኘህ ውሃው ራሱን የሚጠብቅበት አቅም አለው። ምንም ቀለም ካልመጣ ጠባቂ የለውም፣ ቦቴውን የሚነዳው ሰው ምንም ቢምልልህ። ያን ጊዜ «ውሃ አጋር» የሚባለውን የክሎሪን ውሃ ማከሚያ እንደ መመሪያው ጨምረህ 30 ደቂቃ ጠብቅና ደግመህ ለካ። ውሃው ደፍራሽ ከሆነ መጀመሪያ ይርጋ፣ በንጹሕ ጨርቅም አጥልለው፤ ክሎሪኑን ጭቃው ይበላዋል።

እ.ኤ.አ. በ2016 ክረምት አተት ከተማችን ሲገባ እንደ አንተ ያሉ ቤቶች ምን ያህል እንደተፈሩ ታስታውስ ይሆናል። በረዶውን የምትሠራበት ውሃም ያው የታከመው ይሁን፤ ብዙ ሰው ጁሱን ጠብቆ በረዶውን ይረሳል። ሰላጣ ከሸጥክ ደግሞ ከአቃቂ ወንዝ ዳር የሚመጣው አትክልት በምን ውሃ እንዳደገ አስብና እጥበቱን አትቸኩልበት። ላብራቶሪው በየሳምንቱ ባይሆንም በየሦስት ወሩ፣ በክረምት ደግሞ በየወሩ ብትልክ መልካም ነው። ወጪው ሊከብድህ ይችላል። አጠገብህ ካሉት ቤቶች ጋር ከአንድ ቦቴ የምትገዙ ከሆነ ተከፋፈሉት።

«ስንት ደቂቃ ላፍላ?»

«አንዱ ‹አንዴ ከተንተከተከ ይበቃል› ይላል፣ ሌላው 20 ደቂቃ ይላል። ከሰል ተወዷል። ቁርጡን ንገሩኝ።» (ከሱሉልታ)

ሦስት ደቂቃ። ከፍታው ሲጨምር ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ነው የሚፈላው። አዲስ አበባና ዙሪያዋ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይንተከተካል፣ እናንተ ጋ ደግሞ ከዚያም ትንሽ ዝቅ ይላል። ይህም ባክቴሪያውንም ቫይረሱንም ጃርዲያውንም ለመግደል ይበቃል። በደንብ እየተንተከተከ ሦስት ደቂቃ ከቆየ ከሰልሽን አጥፊ፤ 20 ደቂቃው ብክነት ነው።

ከዚያ በፈላበት ዕቃ ውስጥ ተከድኖ ይቀዝቅዝ። ወደ ሌላ ዕቃ ካዞርሽው ዕቃው አፈ ጠባብ ይሁን፣ በጣሳ አይጠለቅ፣ ይቀዳ። የፈላ ውሃ ክሎሪን የለውም፤ አንዲት ያልታጠበች ጣት እንደገና ታበላሸዋለች። ጀሪካኑን በሳሙናና በጠጠር አንቀጫቅጨሽ እጠቢው፣ እጅሽን ማስገባት ከቻልሽ ውስጡን በጣትሽ ዳሺው። የሚያዳልጥ ከሆነ ገና አልጸዳም።